ከብሌን ላይ የሚነሣውና የሚቀረው

(ስለ ሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ ጉባኤ ስለ ሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና እንድናገር ሲጋብዘኝ ሁለት ምክንያቶችን ጠቅሶልኛል። አንደኛው፣ ከመካከላችን መነጽር የሚያደርጉ ብዙ በመሆናቸው ጉዳዩ በሻይ ሰዓት ሳይቀር የሚነሣ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እኔው ራሴ ሕክምናውን አድርጌ ወደ ሥራዬ የተመለስሁ መሆኔ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጬ ምክር ለመስጠትም አልመጣሁም። የመጣሁበት ጉዳይ፣ አንድ መሐንዲስ በሙያው የለመዳቸውን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ምን ሊጠይቅና ምን ዓይነት መልስ ሊያገኝ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

ስለዚህ ሕክምና በተነገረ ቁጥር በመጀመሪያ የሚወደሰው የሌዘሩ ትክክለኛነት ነው። ምስጋናው የሚገባው መሆኑን ጥቂት ቆይቼ አሳያለሁ። ይሁን እንጂ ነባር ሕንፃ ላይ ማሻሻያ ሠርቶ የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መጋዙ የቱንም ያህል ስለታም ቢሆን ከተሸካሚው ክፍል ላይ ከመቁረጣችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የሚቀረው ክፍል ሸክሙን ይችላልን? የሚለው ነው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ብሌን፦ ሌንስም ግድግዳም

አባቶቻችን እጅግ የሚሳሱለትን ነገር «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» ይሉ ነበር። ዛሬ በሕክምናው አነጋገር የዓይን ብሌን የምንለው በዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ፣ የደም ሥር የሌለበት ክብ ሽፋን ነው። ዓይን ብርሃንን ለመስበር ካለው ወደ 60 ዳዮፕተር የሚጠጋ ጠቅላላ ኃይል ውስጥ 43 ያህሉን የሚሰጠው ይህ ሽፋን ነው። ውስጠኛው ሌንስ ቅርብና ሩቅ ለማየት መጠኑን የሚያስተካክል ቢሆንም ትልቁን ሥራ የሚሠራው ብሌን ነው። ሩቅ ለማየት በሚቸገር ሰው ዘንድ ዓይኑ ከፊት ወደ ኋላ ከሚገባው በላይ ይረዝማል፤ ወይም ብሌኑ ከሚገባው በላይ ይጎብጣል። በዚህም የተነሣ ምስሉ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ይሰበሰባል። የብሌኑን ጉብጠት ጥቂት ለጥ ማድረግ ምስሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የሌዘር ሕክምና መሠረተ ሐሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ነገር ግን ብሌን ሌንስ ብቻ ሳይሆን ግድግዳም ነው። በዓይን ውስጥ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ማለትም 2 ኪሎፓስካል ያህል ግፊት አለ፤ ይህን ግፊት ቀንና ሌሊት ተሸክሞ ቅርጹን ሳይለውጥ መቆም የብሌኑ ግዴታ ነው። የመካከሉ ውፍረት በአማካይ 540 ማይክሮን፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከዚህ ውስጥ የላይኛው 50 ማይክሮን ያህል ሁልጊዜ ራሱን የሚያድስ ስስ ሽፋን ነው። ከዚያ በታች ያለውና ስትሮማ የሚባለው፣ በኮላጅን ጭረቶች የተገነባው ክፍል ግን አንዴ ከተነሣ ዳግመኛ አይበቅልም። የኔ ንግግር ክብደት ሁሉ ያረፈው በዚህ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

የሙያው አመጣጥ

ብሌንን ቀርጾ እይታን የማስተካከል ሐሳብ ከሌዘር በፊት የነበረ ነው። ኋላ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የሠራው ሆሴ ባራኬር እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከብሌን ላይ ስስ ቅርፊት እያነሣ መልሶ የሚተክልበትን ዘዴ አስተዋወቀ። በ1970ዎቹ ደግሞ በሞስኮ ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ በብሌን ላይ እንደ መንኮራኩር ጨረር የተዘረጉ ጥልቅ ሰንበሮችን በቢላ በመሥራት እይታን የማረም ሥራ በሰፊው አካሄደ። ይህ ዘዴ ብዙዎችን ከመነጽር ቢያላቅቅም ግድግዳውን አዳከመ። በአሜሪካ አገር ሕሙማኑን ለ10 ዓመት የተከታተለና በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከታከሙት ዓይኖች 43 በመቶ የሚሆኑት በጊዜ ብዛት 1 ዳዮፕተርና ከዚያ በላይ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ አልፈዋል። በ1996 በኤቨረስት ተራራ ላይ በደረሰው አደጋ ከሞት የተረፈው አሜሪካዊው ሐኪም ቤክ ዌዘርስ ይኸው የቢላ ሕክምና የተደረገለት ሰው ነበር፤ ወደ ጫፉ ሲቃረብ በከፍታው ላይ ባለው የኦክስጅን እጥረት የተነሣ ብሌኑ ቅርጹን ለውጦ ማየት ተሳነው። በሜዳ ላይ በቂ መስሎ የታየ ግንባታ ሁኔታው ሲለወጥ እንዴት እንደሚከዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

የሌዘሩ ታሪክ የተጀመረው ከሆስፒታል ሳይሆን ከመሐንዲሶችና ከፊዚክስ ሊቃውንት ቤተ ሙከራ ነው። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን፣ ጄምስ ዊንና ሳሙኤል ብለም የተባሉ ተመራማሪዎች ኤክሳይመር የተባለውን የአልትራቫዮሌት ሌዘር በልዩ ልዩ ነገሮች ላይ ይሞክሩ ነበር። በኅዳር 1981 ስሪኒቫሳን ከምስጋና በዓል ማዕድ የተረፈ የተርኪ ሥጋ ወደ ቤተ ሙከራው ይዞ መጣ። የሞገዱ ርዝመት 193 ናኖሜትር የሆነው ሌዘር በሥጋው ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ንጹሕ የሆነ፣ ዙሪያው ያልተለበለበ ጎድጓዳ መስመር አወጣ። ለማነጻጸር የተሞከረው አረንጓዴ ሌዘር ግን ሥጋውን አሳረረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ193 ናኖሜትር ፎቶን 6.4 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ስላለው ሥጋውን በሙቀት ከማቃጠል ይልቅ የሞለኪውሎቹን ማሰሪያ በቀጥታ ይበጥሳል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪም የነበረው ስቲቨን ትሮክል ግኝቱን ወደ ብሌን አመጣው፤ ውጤቱም በ1983 ታተመ። በአሜሪካ አገር ሕክምናው በይፋ የተፈቀደው በ1995 ነው።

ስለዚህ ትክክለኛነቱን በሚመለከት የሚነገረው ምስጋና እውነት ነው። አንዱ የሌዘር ምት የሚያነሣው ሩብ ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ከመካከላችን በዚህ ልክ የሚሠራ መሣሪያ በእጁ ያለው ሰው እምብዛም አይገኝም።

ስሌቱ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አሜሪካዊው የኦፕቲክስ መሐንዲስ ቻርልስ መነርሊን ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 ያሳተመው ቀመር እጅግ ቀላል ነው። የሚነሣውን ጥልቀት በማይክሮን ለማግኘት የሚታረመውን ዳዮፕተር፣ በሌዘሩ የሚቀረጸው ክልል ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ በራሱ ከተባዛ በኋላ በሚገኘው ቁጥር ማባዛትና ውጤቱን ለ3 ማካፈል ነው። 4 ዳዮፕተር በ6 ሚሊሜትር ክልል ለማረም 48 ማይክሮን ይነሣል ማለት ነው።

ከቀመሩ እንደምታዩት ስፋቱ በካሬ ይገባል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በሌሊት የዓይናችን ቀዳዳ ሲሰፋ ብርሃን ከተቀረጸው ክልል ውጭ ካለው ጠርዝ በኩል የሚገባ ከሆነ በመኪና መብራት ዙሪያ አክሊል የመሰለ ነጸብራቅ ይታያል። ይህን ለመቀነስ ክልሉን ማስፋት ያስፈልጋል፤ ማስፋት ደግሞ ውፍረት ይበላል። እይታና ጥንካሬ ከአንድ ከረጢት የሚከፈሉ ዕዳዎች ናቸው።

ላሲክ በተባለው በጣም የታወቀ ዘዴ በመጀመሪያ በብሌኑ ፊት ከ100 እስከ 120 ማይክሮን የሚያህል ስስ ክዳን በፌምቶሰከንድ ሌዘር ይቆረጥና እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለበጣል። ኤክሳይመሩ ከክዳኑ በታች ያለውን ይቀርጻል፤ ከዚያም ክዳኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክዳኑ በአካል ቢመለስም ሸክም በመሸከም ረገድ እንደ ቀድሞው አይቆጠርም። ስለዚህ በስሌታችን ከሚቀነሰው ጋር ይደመራል። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት የኖሩት ደንብ ከክዳኑና ከተቀረጸው በታች ቢያንስ 250 ማይክሮን ይቅር የሚል ነው። በ2014 ማርኮኒ ሳንትያጎና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሌላው መመዘኛ ደግሞ ክዳኑና የተቀረጸው ተደምረው ከጠቅላላው ውፍረት 40 በመቶ ቢደርሱ ወይም ቢያልፉ አደጋው ከፍ ይላል ይላል።

አደጋው ምንድን ነው? የሳሳው ግድግዳ በግፊቱ የተነሣ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ማበጥ ነው። ቲዮ ዛይለር የተባለው ሐኪም ከላሲክ በኋላ የደረሰ እንዲህ ያለ ሁኔታን በ1998 ለሙያው ዓለም አሳውቋል። በደረሰበት ሰው ላይ እይታውን በመነጽር እንኳ ለማረም የሚያስቸግር ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ የማይደርስ ቢሆንም የደረሰበት ሰው ግን ቀድሞ ከነበረበት ሁኔታ የባሰ ላይ ይወድቃል።

የኔ ቁጥሮች

እናቴ ነገሩን ስትሰማ «የሚያይ ዓይን እንዴት ለቢላ ይሰጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። በዓይን ሞራ ግርዶሽ የተጋረደ ሰው ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ስለማያይ ነው። እኔ ግን በመነጽር ጥሩ አድርጌ አይ ነበር። ስለሆነም የሚጠበቀው ጥቅም ካለኝ ነገር ላይ የሚጨመር እንጂ የጠፋብኝን የሚመልስ አልነበረም። በአንጻሩ ደግሞ በግንባታ ሥፍራ ከራስ ቁር በታች በላብና በአቧራ የሚጨማለቅ መነጽር፣ በዝናብ ጊዜ የደረጃ መለኪያ ንባብ ለመውሰድ የሚደረገው ትግል፣ መነጽሩ ከከፍታ ላይ ቢወድቅ መሰላሉን እንዴት እወርደዋለሁ የሚለው ሥጋት ለእኔ እውነተኛ ነገሮች ነበሩ። ለእናቴ የሰጠኋት መልስ «ቁጥሩን አይቼ እወስናለሁ» የሚል ነበር።

በመጀመሪያ የሄድሁበት ማዕከል ምርመራውን ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጨርሶ ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሊሰጠኝ ተዘጋጀ። የብሌኔ ውፍረት ስንት እንደሆነ ስጠይቅ መሣሪያው ራሱ ያውቀዋል ተባልሁ። መሬቱ ሳይቀየስ ፕላን የሚያጸድቅ ሰው አላውቅምና አመስግኜ ወጣሁ።

በሁለተኛው ማዕከል የተለየ ነገር ገጠመኝ። ለስላሳውን የዓይን ሌንስ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት እንዳቆም ታዘዝሁ፤ ሌንሱ የብሌንን ቅርጽ ስለሚለውጥ ልኬቱን ያሳስታል። የመነጽሬ ቁጥር ለስንት ዓመት ሳይለወጥ እንደቆየ፣ ዓይኔን የማሸት ልማድ እንዳለኝ፣ ከቤተሰቤ መካከል ኬራቶኮነስ የሚባለው የብሌን ማበጥ የደረሰበት ሰው እንዳለ ተጠየቅሁ። ከዚያም የብሌኔ ፊትና ጀርባ ካርታ ተነሣ። በቀለም የተሞላው ወረቀት እኛ ከምናውቀው የከፍታ መስመር ካርታ የተለየ አልነበረም፤ የሚፈለገውም በካርታው ላይ ያለቦታው የተነሣ ጉብታ ነው። በኔ ላይ አልተገኘም።

ውፍረቴ ግን 488 ማይክሮን ሆነ። የሚታረመው 6 ዳዮፕተር ነው። የዓይኔ ቀዳዳ በጨለማ ሰፊ ስለሚሆን ሐኪሟ የመረጠችው ክልል 6.5 ሚሊሜትር ነበር። በቀመሩ መሠረት የሚነሣው 85 ማይክሮን ያህል ይሆናል። 110 ማይክሮን ክዳን ሲደመርበት 195፤ የሚቀረው 293። በመጀመሪያው ደንብ ሲታይ ከ250 በላይ ነውና አልፌአለሁ። በሁለተኛው መመዘኛ ግን 195 ለ488 ሲካፈል 40 በመቶ ያህል ላይ ያርፋል።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደኔ አዙራ «ደንቡ አይከለክልዎትም፤ ነገር ግን ጠርዙ ላይ ቆመዋል» አለችኝ። እኔም በበኩሌ ስስ ግድግዳ ላለው ሉል በምንጠቀምበት ቀላል ቀመር አሰላሁት። ብሌን በየጥልቀቱ ጥንካሬው የሚለያይ ስለሆነ ስሌቱ ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚያገለግል ነው። ውጥረቱ ከውፍረቱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ተሸካሚው ከ488 ወደ 293 ሲወርድ ውጥረቱ በ67 በመቶ ይጨምራል። ፒ.አር.ኬ. በተባለው ክዳን በማይቆረጥበት ዘዴ ግን ራሱን የሚያድሰው የላይኛው ሽፋን ብቻ ተጠርጎ ሌዘሩ ከላይ ይቀርጻል። ሽፋኑ ተመልሶ ሲበቅል የሚቀረው 403 ማይክሮን ነው፤ የውጥረቱም ጭማሪ 21 በመቶ ብቻ ይሆናል።

ሌሎች አማራጮችም ተነሥተው ነበር። ስማይል የተባለው ዘዴ በትንሽ ቀዳዳ በኩል የተቆረጠውን ክፍል የሚያወጣ ሲሆን ክዳን ባይኖረውም እርሱም ይቀንሳል። በዓይን ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ሌንስ ደግሞ ከብሌን ውፍረት ላይ ምንም የማይነሣና ቢያስፈልግ ሊወጣ የሚችል ነው፤ ሆኖም ዓይንን ከፍቶ ወደ ውስጥ መግባትን ይጠይቃል። እኔ ፒ.አር.ኬን መረጥሁ። የዋጋው ልዩነት የሚከፈለው በሥቃይና በጊዜ ነበር፤ የላሲክ ታካሚ በማግሥቱ ወደ ሥራው ሲሄድ እኔ ሳምንታት መጠበቅ ነበረብኝ። ለጊዜው የሚከፈል ሥቃይን ለዘለቄታው በሚቀር ውፍረት መለወጥ ለኔ የሚያዋጣ ንግድ ሆኖ ታየኝ።

ሕክምናውና ማገገሚያው

ሥራው ራሱ አጭር ነው። የማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል፤ ዓይን እንዳይከደን በሽቦ መሰል መያዣ ይያዛል፤ የላይኛው ሽፋን በቀጠነ አልኮል ከላላ በኋላ ይጠረጋል። በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር እንደ ጉም ይሆናል። ከዚያ አንድ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እንድመለከት ተነገረኝ። መሣሪያው ፈጥኖ እየተንጣጣ ይሠራል፤ የተቃጠለ ጸጉር የመሰለ ሽታም ይሸታል። ዓይን ጥቂት ቢንቀሳቀስ መሣሪያው ተከትሎ ያርማል፤ ብዙ ቢንቀሳቀስ ይቆማል። ለእያንዳንዱ ዓይን ሌዘሩ የሠራው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። በመጨረሻም መከላከያ ሌንስ ተደርጎልኝ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቀናት ቀላል አልነበሩም። ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁራል፤ እንባ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል ውስጥ እንኳ ብርሃን ይወጋል። በአምስተኛው ቀን ሌንሱ ሲወጣ ሥቃዩ አለፈ፤ እይታው ግን ገና ብዥ ያለ ነበር። ፕላን በምቾት ለማንበብ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብኝ። የስቴሮይድ ጠብታው ለወራት የሚቀጥል ስለሆነ የዓይን ግፊት እንዳይጨምር እየተለካ ነበር። እንደኛ ባለ ደጋ አገር የአልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ በመሆኑና ይህም የሚድነውን ብሌን ሊያደበዝዝ ስለሚችል፣ ወደ ሥራ ሥፍራ ስወጣ ጥሩ የፀሐይ መነጽር ከዓይኔ አልለየም። ከመነጽር ለመላቀቅ ታክሜ ለወራት ሌላ መነጽር ማድረጌ ባልደረቦቼን ሲያሥቅ ከረመ።

ዛሬ ያለ መነጽር አያለሁ። የደረጃ መለኪያውን ንባብ በዝናብም እወስዳለሁ። አልፎ አልፎ በአቧራማ ቀን ዓይኔ ይደርቅና ጠብታ እፈልጋለሁ፤ በሌሊት በሩቅ መብራቶች ዙሪያ ስስ አክሊል ይታየኛል። እነዚህን አስቀድሜ አውቄ የተቀበልኋቸው ናቸው።

ሊነገር የሚገባው

ባልደረቦቼ፣ አስቀድሞ ማወቅ የሚለውን ነገር ላስረግጥ እወዳለሁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከሌሎች ተቋማት ጋር ያካሄደውና በ2017 የታተመው ጥናት በላሲክ ታካሚዎች ላይ እንዳሳየው፣ ከሕክምናው በፊት ምንም የእይታ እንከን ካልነበራቸው መካከል እስከ 46 በመቶ የሚደርሱት ከሦስት ወር በኋላ ቢያንስ አንድ አዲስ እንከን፣ በተለይም በመብራት ዙሪያ የሚታይ አክሊል እንዳጋጠማቸው ተናግረዋል። ድርቀት ካልነበረባቸው መካከልም እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ድርቀት ተሰምቷቸዋል። በዚሁ ጥናት አብዛኞቹ ታካሚዎች በውጤቱ ረክተዋል፤ በእነዚህ እንከኖች የተነሣ የዕለት ተግባራቸው በእጅጉ የታወከባቸው ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ታካሚው ሊሰማ የሚገባውም ሁለቱንም ነው።

ሌላው፣ ዕድሜ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ውስጠኛው ሌንስ እየደረቀ የቅርብ ንባብ ይከብዳል። ሩቅ ለማየት የሚቸገር ሰው ከዚያም በኋላ መነጽሩን አውልቆ ማንበብ ይችላል፤ የታረመ ሰው ግን እንደ ማንም የማንበቢያ መነጽር ይፈልጋል። ዕድሜያችሁ ወደዚያ የተጠጋ አባላት ይህን በሚዛኑ ላይ አስቀምጡት።

በመጨረሻም ሰነድን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ብሌኑ የሳሳ ሰው የዓይን ግፊቱ ሲለካ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በዚህም ግላኮማ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። በስተርጅና የዓይን ሞራ ቢመጣበትም የሚተከለው ሌንስ ስሌት በተለመደው መንገድ አይሠራም። ስለዚህ የቀድሞውን ውፍረት፣ የቀድሞውን ጉብጠትና የተነሣውን ጥልቀት የያዘውን ወረቀት ተቀብሎ ዕድሜ ልክ ማስቀመጥ የታካሚው ግዴታ ነው። ሕንፃ ከታደሰ በኋላ የተለወጠውን የሚያሳይ ፕላን ለሚቀጥለው መሐንዲስ እንደምናስቀምጠው ማለት ነው። የኔ በቤቴ ከትምህርት ማስረጃዎቼ ጋር ይገኛል።

እንግዲህ ከመካከላችሁ ወደዚህ ሕክምና ለመሄድ የሚያስብ ቢኖር አትሂድ አልልም፤ ሂድ ብዬም አልገፋፋም። ውፍረቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት እንደሚነሣና ስንት እንደሚቀር በቁጥር ይጠይቅ። ቁጥሩን የማይነግረው ካለ ትቶት ይውጣ። ቁጥሩን አስልቶ «ለእርስዎ አይሆንም» የሚል ሐኪም ካገኘ ደግሞ አመስግኖት መነጽሩን ወልውሎ ወደ ሥራው ይመለስ፤ ትልቅ ውለታ ተውሎለታልና። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው ብሂል ለአናጢ የተነገረ ቢሆንም፣ አናጢ ቢሳሳት ሌላ ጣውላ ያገኛል።